ቸኮሌት ፕሮቲን ላይ ምላስሽን አትመኚ

እህቴ፣ ትናንት የለጠፍሽውን ጥያቄ አየሁት። ላላነበበው ባጭሩ፦ 58 ኪሎ ነሽ፣ ከሥራ ስትወጪ ጂም ትገቢያለሽ። አንድ የምታውቂው ሰው ባለ ቸኮሌት ጣዕም ዌይ ፕሮቲን (ከወተት የሚሠራ የፕሮቲን ዱቄት) አምጥቶልሻል። ቀምሰሽው "ልክ እንደ ሚሎ ነው" ብለሻል። ዋጋው ከሌላው ቀነስ ይላል። ጥያቄሽ ደግሞ "ጥሩ መሆኑን በምን ልወቅ? የድሬን ሙቀት ይችላል? ጾም ላይስ?" ነው። ከሥር የተሰጡት መልሶች ግማሾቹ "ከጣፈጠ ኦሪጅናል ነው" ይላሉ። አቦ፣ በዚህ አልስማማም።

እኔ ማታ ማታ ሳቢያን አካባቢ ጂም ውስጥ ሰው አሠራለሁ። ሰው ፕሮቲን በገዛ ቁጥር "እስቲ እየው" ብሎ ይዞልኝ ይመጣል። ብዙ ባልዲ ከፍቼ አሽትቻለሁ። ለመፍረድ የሚያስቸግረኝ ሁሌም ቸኮሌቱ ነው፤ ካካዎ ደባቂ ነዋ። ቀለሙ ጠቆር ያለ፣ ሽታው ኃይለኛ፣ የራሱ ምሬት ያለው ነገር ነው። ዱቄቱ የቆየ ቢሆን፣ ሙቀት የመታው ቢሆን፣ ግማሹ ሌላ ነገር ቢሆን ቶሎ አይታወቅሽም። ጣፋጭነቱም ምንም አይነግርሽም። አብዛኛው ውስጥ የሚገባው ሱክራሎዝ ከስኳር 600 እጥፍ ገደማ ይጣፍጣል። ቅንጣት ታህል ጨምረው የፈለጉትን ያህል ያጣፍጡታል። እና ምላስሽ እየፈረደ ያለው ካካዎውንና ማጣፈጫውን ነው እንጂ ፕሮቲኑን አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ባልዲውን አዙሪው። ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን ተዪው። ጀርባው ላይ ሁለት ቁጥር ፈልጊ፦ አንዱ ስኩፕ (ባልዲው ውስጥ ያለው መስፈሪያ ማንኪያ) ስንት ግራም ነው፣ ከዚያ ውስጥ ፕሮቲኑ ስንት ግራም ነው። ፕሮቲኑን ለስኩፑ አካፍዪ። 31 ግራም ስኩፕ 24 ግራም ፕሮቲን ካለው 77 በመቶ ይመጣል። ለቸኮሌት ይሄ ጥሩ ነው። ካካዎው ራሱ ቦታ ስለሚይዝ ከቫኒላው ትንሽ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው። ወደ 70 ሲወርድ መጠየቅ እጀምራለሁ። 60 ከሆነ ባልዲው ውስጥ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ስኩፑ 150 ግራም ሆኖ ፕሮቲኑ 25 ብቻ ከሆነማ እሱ ማስ ጌይነር ነው። ክብደት መጨመር ለሚፈልግ ቀጭን ልጅ ይሆናል፣ ላንቺ ግን አይሆንም። ባልዲያቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።

ርካሽ ነው ያልሽውንም እዚሁ ላይ አስይው። 907 ግራም ባልዲ በ77 በመቶ ሲታሰብ 700 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ያው ባልዲ በ60 በመቶ ሲሆን 544 ግራም ነው። ፕሮቲኑ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ጎደለ ማለት ነው። ዋጋው ግን አሥር በመቶ ብቻ ከቀነሰ ርካሽ የተባለው እሱ ውድ ሆነ።

ቀጥሎ ኢንግሪዲየንት (የተሠራበት ነገር ዝርዝር) የሚለውን እዪ። ቅደም ተከተሉ በክብደት ነው፣ ብዙ ያለው ከፊት ይመጣል። ከፊት መቀመጥ ያለበት ዌይ ነው። ማልቶዴክስትሪን (ከስታርች የሚሠራ ርካሽ ማብዣ) ወይም ስኳር ከፊት ካየሽ መልሺው። ዌይ ራሱ አይብ ሲሠራ የሚለየው አጓት ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ተጣርቶ፣ ደርቆ ዱቄት የሆነ። ከላም ወተት ፕሮቲን 20 በመቶ ገደማው እሱ ነው። ኮንሰንትሬት ከተባለ ላክቶስ፣ ማለትም የወተት ስኳር፣ ትንሽ ይቀርበታል። አይሶሌት ከተባለ በጣም ተጣርቷል፣ ከ90 በመቶ በላይ ፕሮቲን ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ወተት ስትጠጪ ሆድሽ የሚነፋ ከሆነ አይሶሌቱ ይሻልሻል። ወተት የሚስማማሽ ከሆነ ግን ኮንሰንትሬት ይበቃሻል፣ ተጨማሪ ብር አታውጪ። አንዳንዱ ደግሞ ፊት ለፊት "አይሶሌት" ብሎ በትልቁ ይጽፍና ጀርባው ላይ ሲታይ አይሶሌቱ ከኮንሰንትሬት በኋላ ነው የሚመጣው። ይሄ ቁጭ በሉ ነው።

እዚያው ዝርዝር ላይ ግላይሲን ወይም ታውሪን ተጽፎ ካየሽ ጠርጥሪ። የፕሮቲን መጠን ብዙ ጊዜ የሚለካው ናይትሮጅኑ ተለክቶ ነው። እነዚህ ርካሽ አሚኖ አሲዶች ናይትሮጅን ስላላቸው በልኬት ላይ ፕሮቲን መስለው ይቆጠራሉ። ለጡንቻ ግን የዌይን ሥራ አይሠሩም። ግላይሲን በዚያ ላይ በራሱ ጣፋጭ ነው፣ ቸኮሌት ውስጥ ሲገባ ማንም አይነቃበትም። የአሚኖ አሲድ ሠንጠረዥ የሚያወጣ አምራች ከሆነ ሉሲን የሚለውን ፈልጊ። 25 ግራም እውነተኛ ዌይ ፕሮቲን ውስጥ 2.5 ግራም ገደማ ይኖራል። በጣም ካነሰ ቁጥሩ አልገጠመም።

አሁን ወደ መበጥበጡ። ሼከር ውስጥ አይደለም፣ በጠራ ብርጭቆ። ወተት የለም፣ ሙዝ የለም፣ ማር የለም። ሩብ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ መጀመሪያ፣ ዱቄቱ ከላይ። ዱቄቱን አስቀድመሽ ውኃ ብትደፊበት ታች ይጣበቅና ያለጥፋቱ ይወቀሳል። በማንኪያ አማስይውና ተመልከቺው። ጥሩው ዱቄት ትንሽ ተንሳፍፎ ቀስ እያለ ይገባል፣ ጥቂት ጉብጉብ ቢል በማንኪያው ጀርባ ሲጫኑት ይፈታል። ሌሲቲን (ዱቄቱን ከውኃ የሚያዋህድ ነገር) የገባበት ከሆነ ቶሎ ይሟሟል። አረፋ ቢያወጣ አትደንግጪ፣ ዌይ አረፋ ያወጣል። ከዚያ አሥር ደቂቃ ተዪው። ታች ስስ ቡናማ ዝቃጭ ይቀራል፤ እሱ ካካዎ ነው፣ ካካዎ ውኃ ውስጥ አይሟሟም። ጥርስ ላይ የሚንቀጫቀጭ ነጣ ያለ ነገር ከቀረ ግን ጥያቄ አለኝ። በደቂቃ ውስጥ ወፍሮ እንደ አጥሚት የሚሆነውን ደግሞ ብዙ ሰው "ወፍራም ነው፣ ፕሮቲን አለው" ይላል። ያወፈረው ዛንታን ወይም ጓር ጋም ነው። አይጎዳም፣ ፕሮቲን ግን አይደለም።

በመጨረሻ ቅመሺው። ለብ ሲል ቅመሺው እንጂ በረዶ አታድርጊበት፣ ብርድ ጉድለት ይሸፍናል። እኔ የማየው መጀመሪያ የሚመጣውን ጣዕም አይደለም፣ ከዋጥሽው በኋላ የሚቀረውን ነው። ትንሽ የካካዎ ምሬት ከቀረ ደስ ይለኛል። የቆየ ዘይት ወይም የእርጥብ ካርቶን ቃና ከመጣ ዱቄቱ ተበላሽቷል። ጣፋጩ ምላስ ላይ ተጣብቆ አልለቅ ካለ ማጣፈጫ አብዝተውበታል፣ ይሄ የምርጫ ጉዳይ ነው። እኔ አልወደውም፣ የሚወደው አለ።

ቲክቶክ ላይ አዮዲን ጠብ አድርገው "ሰማያዊ ከሆነ ዱቄት ተደባልቆበታል" የሚሉትን ቸኮሌት ላይ አትሞክሪው። ካካዎ በተፈጥሮው ስታርች አለበት፣ ቀለሙም ድሮም ጥቁር ነው። ያላጠፋ ባልዲ ታስጥያለሽ። የፈላ ውኃው ሙከራ ይሻላል። ዌይ ከ70 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይረጋል፣ ይጓጉላል። የፈላ ውኃ ውስጥ ምንም ሳይጓጉል ልስልስ ብሎ ከሟሟ ዌዩ ያንሳል ብለሽ መጠርጠር ትችያለሽ። በነገራችን ላይ መጓጎሉ ፕሮቲኑን አያጠፋውም፣ ለመጠጣት አስቀያሚ ነው እንጂ።

የድሬ ሙቀት ላይ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ዋናው ችግር ፎርጂድ ሳይሆን ማከማቻው ይመስለኛል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ውጪው 35 ዲግሪ ሲሆን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መጋዘን ምን እንደሚሆን ታውቂዋለሽ። ባልዲው ኦሪጅናል ሆኖ በሙቀት ሊሞት ይችላል። ሲሞቅ የወተቱ ስኳርና ፕሮቲኑ ይያያዛሉ፣ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ይጎዳል። ቫኒላ ሲሆን ዱቄቱ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቆይቶ ቡናማ እያለ ይነግርሻል። ቸኮሌቱ ከመጀመሪያውም ቡናማ ነው፣ ምኑን ታይዋለሽ? አንዴ አንድ ልጅ ያመጣው ባልዲ ፎይሉ (ክዳኑ ሥር ያለው ማሸጊያ) ሳይነካ፣ ቀኑ ገና ሳያልፍ፣ ውስጡ እንደ ጡብ ደርቆ ነበር። ስኩፑን ቢወጋው አልገባም። ሻጩ መስታወቱ ፀሐይ በሚመታው መደርደሪያ ላይ ደርድሮት ነው የከረመው። ሐረር ያሉት ጓደኞቻችን ከፍታው ያግዛቸዋል፣ እኛ ግን የሱቁን ጣሪያ አይተን ብንገዛ ይሻላል። ታይዋን ገበያም ይሁን ከዚራ ሰፈር፣ ከመስኮት ዳር ያለውን ተዪና ከውስጥ ያለውን አምጣ በይው።

ስትከፍቺው ዱቄቱ ተጓጉሎ ካገኘሽ ጓሉን በጣትሽ ጨፍልቂው። ከፈረሰ ችግር የለም፣ ከጉዞ ነው። እንደ ድንጋይ ከጠነከረ እርጥበት ገብቶታል። ፎይሉ ዙሪያውን እኩል የተጣበቀ መሆኑን እዪ። የባች ቁጥሩ (የምርት ዙሩ መለያ) ባልዲው ላይ የታተመ እንጂ ከላይ የተለጠፈ ባይሆን ይመረጣል። ቀኑ ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ፦ የአሜሪካ ዕቃ ወሩን ያስቀድማል፣ የአውሮፓው ቀኑን። 05/08 ግንቦት ይሁን ነሐሴ ሳያጣሩ የሚከራከሩ ሁለት ሰዎች ጂማችን ውስጥ አሉ። ቤት ከገባ በኋላ ከምድጃ አርቀሽ ጨለም ያለ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጪው፤ ስኩፑ ደረቅ ይሁን። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቢ። እዚህ ሙቀት ውስጥ ስታወጪው ያልበዋል፣ እርጥበቱ ዱቄቱ ውስጥ ይገባል።

ቸኮሌት ስለሆነ ብቻ የሚነሳ አንድ ነገር አለ። ክሊን ሌብል ፕሮጀክት የሚባል የአሜሪካ ድርጅት በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምርመራ ባለ ቸኮሌት ዱቄቶች ከቫኒላዎቹ እስከ አራት እጥፍ እርሳስ (ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ተገኝቶባቸዋል፣ ካድሚየም የሚባለው ሌላ መርዛማ ብረትም እንዲሁ ከፍ ብሎ። ካድሚየሙን የካካዎ ዛፍ ከአፈር ይወስደዋል፣ እርሳሱ በብዛት ፍሬው ከተለቀመ በኋላ የሚያርፍበት ነው። ከዕፅዋት የተሠሩት ደግሞ ከዌይ የባሱ ነበሩ። ይሄን ያልኩት እንድትሸሺው አይደለም። ግን በቀን አንድ ስኩፕ ይብቃሽ፤ ሲያልቅ ቫኒላ ግዢ፣ እያፈራረቅሽ ተጠቀሚ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም የኩላሊት ችግር ካለብሽ ሐኪም ሳታማክሪ አትጀምሪ።

ጾም ላይ አይሆንም፣ አለቀ። ዌይ ወተት ነው። ረቡዕና ዓርብም፣ ሁዳዴም፣ ፍልሰታም ያው ነው። የአኩሪ አተር ወይም የአተር ፕሮቲን አለ፣ ግን ከላይ ስለ እርሳሱ ያልኩት ስላለ ቸኮሌት ያልሆነውን እመርጣለሁ። ሳይገዙም ይቻላል። ጠዋት ፉል፣ ምሳ ሽሮና ምስር፣ መክሰስ ኦቾሎኒ። ሙስሊም እህት ወንድሞች ደግሞ የሐላል ምልክቱን ይዩ፣ አይቡ የረጋበት ኢንዛይም ከምን እንደመጣ ዝርዝሩ ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም።

መጠኑን በተመለከተ፣ ጂም ብረት ለሚያነሳ ሰው በኪሎ 1.6 ግራም ፕሮቲን በቀን ጥሩ መነሻ ነው። ላንቺ 93 ግራም አካባቢ ይመጣል፣ ከዚያ ውስጥ ዱቄቱ 24ቱን ብቻ ነው የሚሸፍነው። ሌላው ከሳህን ነው የሚመጣው። "የግመል ወተት ጠጪ፣ ምን አስቸገረሽ" ያለሽ ሰው ቀልዶ ከሆነ አላውቅም፣ ግን አልተሳሳተም፤ ሊትሩ 30 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ምሳ ሳይበሉ በርጫ ላይ ተቀምጠው፣ የምግብ ፍላጎታቸው ተዘግቶ፣ ማታ በሼክ ሊያካክሱት የሚፈልጉ ወንዶች ግን እዚህ ግሩፕ ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ። ስም አልጠራም። "ወንድ ያስመስላል" ላሉሽም መልስ አትስጪያቸው፣ የወተት ፕሮቲን ሆርሞን አይደለም።

ብሩን ገና ካልሰጠሽው አትስጪው። የጀርባውን ጽሑፍ፣ የባች ቁጥሩንና ፎይሉን ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ከሥር ለጥፊው። ማታ ከጂም ስወጣ አየዋለሁ። ከፍለሽ ከሆነ ደግሞ ዛሬ በብርጭቆ በጥብጪውና አሥር ደቂቃ ቆይቶ ታች ምን እንደቀረ ጻፊልን።