ስልክ የሌለው ደንበኛ የሰው ስልክ ይዞ ተገኘ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ለአክስቴ ሱቅ የዱቤ መዝገብ በሲ ቋንቋ እየጻፍኩ ነው፣ ዳታቤዙ ኤስኪውላይት ነው። ኢንሰርቱን (መረጃ ማስገቢያ ትእዛዙን) አንዴ ፕሪፔር አደርግና (አዘጋጅና) በሉፕ ውስጥ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ባይንድ (ዋጋዎቹን መስጠት)፣ ስቴፕ (ማስፈጸም)፣ ሪሴት እያልኩ እሄዳለሁ። ደንበኛው ስልክ ከሌለው የስልኩን ባይንድ እዘለዋለሁ። ታዲያ ስልክ የሌላቸው ሰዎች ከእነሱ በፊት የተመዘገበውን ሰው ቁጥር ይዘው ይገኛሉ! አክስቴ ባለፈው አንዱን ምስኪን የማያውቀውን ዱቤ ክፈል ብላ በስልክ ስትጨቀጭቀው ነበር። ደግሞ የፊደሉን ብዛት ቆጥሬ ሰጥቼው እንኳ «አበበ» ያልኩት «አ» ብቻ ሆኖ ይቀመጣል። ማስታወሻው ላይም አንዳንዴ የማይነበብ ዝባዝንኬ ይመጣል። የተበላሸው ኤስኪውላይት ነው ወይስ እኔ ነኝ?
ግራ የገባት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ኤስኪውላይት ደህና ነው፣ እህቴ። አንቺም ብዙ አልተበላሸሽም።

ከስልኩ እንጀምር። ሪሴት ስቴትመንቱን (የተዘጋጀውን ትእዛዝ) እንደገና ለመሮጥ ያዘጋጀዋል፣ ባይንድ ያደረግሽውን ግን አይነካም። ሲኒውን ረከቦት ላይ ይመልሰዋል እንጂ አያጥበውም፣ ስለዚህ ለሚቀጥለው እንግዳ ምንም ሳትቀጂ ስታልፊው የፊተኛው ሰው ቡና እዚያው ተቀምጦ ይጠብቀዋል። የሚያጥበው ክሊር ባይንዲንግስ ነው፣ ሁሉንም ፓራሜትር ወደ ነል (ባዶ) ይመልሳል። ከሪሴት ቀጥሎ ጥሪው። ስልክ በሌለበት ባይንድ ነል ብትይም ይሠራል፣ እኔ ግን ሰው ኤልስ («ካልሆነ» የሚለውን ክፍል) መጻፍ እንደሚረሳ ከራሴ ስለማውቅ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ቅደም ተከተሉን ብቻ እንዳታዛቢ፦ ስቴፕ ካደረግሽ በኋላ ሪሴት ሳትይ ባይንድ ብትሞክሪ 21 የሚል ስህተት ይመልስልሻል፣ የሚመለሰውን ቁጥር ካላየሽ ደግሞ መኖሩንም አታውቂም።

«አበበ» የተቆረጠው ባይንድ ቴክስት በአራተኛው ቦታ የሚጠብቀው የፊደል ሳይሆን የባይት ብዛት ስለሆነ ነው። ፊደላት ወደ ባይት በሚለወጡበት በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «አበበ» 9 ባይት ነው፣ አንቺ 3 አልሽው፣ እሱም 3 ወሰደ። «ተስፋዬ»ን 4 ብትይው የባሰ ነው፣ «ተ» እና የተሰበረች አንዲት ባይት ታገኛለሽ። መቁጠሩን ተዪውና -1 ስጪው፣ እስከ ጽሑፉ ማብቂያ ዜሮ ድረስ ራሱ ያነባል።

ዝባዝንኬውን ሳላይ ባልምልም፣ ማስታወሻውን ለብቻው ፈንክሽን ውስጥ ባለ አሬይ (ጽሑፉ በሚቀመጥበት የሜሞሪ ቦታ) አዘጋጅተሽ፣ በመጨረሻው ቦታ ላይ ስታቲክ ብለሽ ባይንድ አድርገሽ የተመለስሽ ይመስለኛል። ስታቲክ ማለት «ይህ ሜሞሪ እስክትጨርስ አይነካም» ብሎ ቃል መግባት ነው። ፈንክሽኑ ሲመለስ ግን አሬዩ የለም፣ ቦታውን ሌላ ነገር ይጽፍበታል፣ ስቴፕ ሲመጣ ያንን ያነባል። «አንዳንዴ» የሚሆነውም ለዚህ ነው፣ ቦታው ገና ካልተነካ ደህና መስሎ ያልፋል። ትራንዚየንት በይው፣ ያኔ ወዲያው የራሱን ቅጂ ይወስዳል። ቅጂው ጊዜ ይበላል የሚሉሽ ይኖራሉ፤ ለሱቅ ዱቤ አይሰማም። ስቴትመንቱን የሚዘጋው ፋይናላይዝ ደግሞ ከሉፑ ውጭ፣ አንዴ፣ መጨረሻ ላይ።

አክስትሽ እንደገና ስልክ ከማንሳታቸው በፊት ግን የተደጋገሙትን ቁጥሮች ተመሳሳዮቹን በሚሰበስበው ግሩፕ ባይ አውጪና ከወረቀቱ ደብተር ጋር አስተያዪ። ኮዱን ማረም የገባውን አያወጣም።