ጌጥ ለማታበዛው ነርስ ሙሽራ፣ ስለ ቀለበትና ስለ ሰርግ ጌጥ

እህቴ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ! ጥያቄሽን አየሁት፣ ነርስ ነኝ ቀኑን ሙሉ ጓንት ሳደርግ ሳወልቅ ነው የምውለው፣ በተፈጥሮዬም ጌጥ አላበዛም፣ ጓደኞቼ ግን ሀብል ከነጉትቻው ከነአምባሩ ካላደረግሽ ሙሽራ አትመስይም ይሉኛል፣ ቬሎዬ ደግሞ እስከ አንገት የሚዘጋ እጅጌው ረጅም ዳንቴል ነው፣ ምን ልግዛ ነው ያልሽው። የተሰጡሽን መልሶች አነበብኳቸው፣ አብዛኞቹ በፎቶ ምን ያምራል የሚለው ላይ ናቸው። እኔ ወርቅ ቤት ሽያጭ ላይ ለዓመታት ሰርቻለሁ፣ ለጥገና የሚመጣውንም የምቀበለው እኔ ስለነበርኩ ሰው ሲገዛ የሚያየውና ቆይቶ ተበላሸብኝ ብሎ ይዞት የሚመጣው ነገር ምን ያህል እንደሚለያይ አውቃለሁ። ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው ታገሺኝ።

ምን መሰለሽ፣ ቀለበቱንና ሌላውን ጌጥ አንድ ላይ አታስቢው። ቀለበቱ በየቀኑ እጅሽ ላይ የሚውል ነው፣ ሀብሉና ጉትቻው የአንድ ቀን ነው። ቀለበቱን ለእጅሽና ለስራሽ ምረጪ፣ ሌላውን ለቬሎው። ብር ማውጣት ካለብሽ አብዛኛው ቀለበቱ ላይ ይዋል፣ የቀረው ቅብ ቢሆን፣ ከእህትሽ በውሰት ብትወስጂው፣ ብትከራዪው ማንም አያውቅም በእውነት።

እና ቀለበቱ። በየፎቶው የምናየው ድንጋዩ ከፍ ብሎ የቆመው አይነት ያምራል አልክድም፣ ግን ላንቺ አይሆንም። ጓንት ይቀድዳል፣ ሹራብ ይስባል፣ ህጻን ስታቅፊ ይቧጭራል፣ ከስሩ ደግሞ ሳሙናና ክሬም ይጠራቀማል። ለጥገና ከሚመጣው ብዙው ይሄው ነበር፣ ድንጋዩን ጨብጠው የሚይዙት ትንንሽ ጥፍሮች እየተሳቡ ይከፈቱና ባለቤቷ ሳታውቀው ድንጋዩ ይወድቃል። ድንጋይ ከፈለግሽ ዙሪያውን በወርቅ ታቅፎ ከቀለበቱ ጋር እኩል ዝቅ ብሎ የተቀመጠውን ውሰጂ። እንደውም የአለም ጤና ድርጅት በ2009 ያወጣው የእጅ ንጽህና መመሪያ በህክምና ስራ ላይ ቀለበት ባይደረግ ነው የሚለው፣ አንዳንድ ቦታ ድንጋይ የሌለው ልሙጥ ቀለበት ብቻ ይፈቀዳል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የመስሪያ ቤትሽን ደንብ ጠይቂ ከዛ ግዢ። ብዙ የህክምና ሰዎች ለስራ እንደ ጎማ የሚለጠጥ የሲሊኮን ወይ ምንም የሌለው ልሙጥ ቀለበት፣ ለሌላ ጊዜ ደግሞ ባለ ድንጋዩን ያደርጋሉ፣ እሱም ጥሩ ነው።

ድንጋዩ ምን ይሁን ካልሽ በጥንካሬው ነው የምትመርጪው። ሞህስ የሚባል ከ1 እስከ 10 የሚሄድ መለኪያ አለ፣ አልማዝ 10 ነው፣ ሳፋየርና ሩቢ 9፣ አልማዝ የሚመስለው ሞይሳናይት የሚባለው ድንጋይ 9 ከሩብ ገደማ። አየር ላይ ያለው ተራ አቧራ ውስጥ ኳርትዝ አለ፣ እሱ 7 ነው፣ ስለዚህ ከ7 በታች የሆነ ድንጋይ ሁሌ እጅ ላይ ከዋለ ቀስ በቀስ እየተጫረ ይደበዝዛል። ሉል 2.5 እስከ 4.5 ነው፣ ኦፓል 6 አካባቢ፣ ሁለቱም ለጆሮ ወይ ለአንገት እንጂ በየቀኑ ለሚደረግ ቀለበት በፍጹም! ኤመራልድ በቁጥር ደህና ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ውስጡ ስንጥቅጥቅ ስላለው ሲመታ ይሰበራል። እና አልማዝ አይሰበርም የሚለውን አትመኚ፣ አይጫርም እንጂ ጠርዙን በደንብ ከተመታ ይሸረፋል። ከመለሱልሽ መሃል ላብራቶሪ የተሰራውን አልማዝ ፌክ ነው ያለችሽ ደግሞ ተሳስታለች፣ ያው ካርቦን ነው፣ ጥንካሬውም አንድ ነው፣ ዋጋው ግን በጣም ይቀንሳል መልሰሽ ልሽጠው ብትይም ብዙ አያወጣም። ለመልበስ ከሆነ እኔ ምንም ችግር አይታየኝም።

ወርቁ ላይ 24 ካራት ንጹህ ነው ግን ለስላሳ ነው፣ ለሚሰራ እጅ አይሆንም ይጣመማል። 21 ካራት 87.5 በመቶ ወርቅ አለው፣ 18 ካራት 75፣ 14 ካራት 58.5፣ ወርቁ ሲቀንስ የተቀላቀለው ብረት ስለሚበዛ ይጠነክራል። ላንቺ 18 ወይ 14 እላለሁ፣ ውስጡ ላይ 750 ወይ 585 የሚል ማህተም እዪ። ነጭ ወርቅ ካማረሽ ያ የሚያብለጨልጨው ነጭነት ብዙ ጊዜ ከላይ የተቀባው ሮዲየም የሚባል ነጭ ብረት ነው፣ ሲለበስ ይለቅና ቢጫ ቢጫ ማለት ይጀምራል፣ በየጊዜው ማስቀባት አለብሽ። ይሄን ብዙ ሻጭ አይነግርሽም። አንዳንዱ ነጭ ወርቅ ኒኬል የሚባል የአንዳንድ ሰው ቆዳ የሚያስቆጣ ብረት አለበት፣ ርካሽ ጉትቻ ስታደርጊ ጆሮሽን የሚያሳክክሽ ከሆነ ኒኬል የለበትም ወይ ብለሽ ጠይቂ። በረኪና ስትነኪ ደግሞ አውልቂው፣ በረኪናው ውስጥ ያለው ክሎሪን ወርቁ ውስጥ ያለውን ቅልቅል ብረት ይበላል።

ሳይዙን በብርድ አትለኪ፣ ጣት በብርድ ይቀጥናል በሙቀት ያብጣል፣ የተለያየ ሰዓት ላይ ለኪና መሃሉን ውሰጂ። ዙሪያውን ሙሉ በድንጋይ የተሞላውን ቀለበት ከወሰድሽ ደግሞ በኋላ ላስፋው ላጥብበው ማለት በጣም ይከብዳል፣ በእርግዝና ወይ ውፍረት ስትጨምሪ ትቸገሪያለሽ። የእጮኝነቱንና የሰርጉን ቀለበት አንድ ጣት ላይ ደርበሽ ልታደርጊ ካሰብሽ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ ሞክሪያቸው፣ ካራታቸውም አንድ ይሁን፣ ጠንካራው ለስላሳውን እየፈተገ ይበላዋል።

ወደ ሰርጉ ቀን ስመጣ ቀላል ነው። እስከ አንገት የተዘጋ ዳንቴል ላይ ሀብል አትጨምሪ፣ ዳንቴሉ ራሱ ጌጥ ነው። አምባርም ተይው፣ ድንጋዩ እጅጌሽን እየሳበ ክሩን ያወጣዋል ከራስሽ የሚወርደውን ቬልም ይይዛል። ጉትቻ ብቻ፣ ጸጉርሽ ወደ ላይ ከሆነ ወረድ የሚል፣ ከተለቀቀ ትንሽ ሆና የምታበራ። ግን ክብደቱን! ቤት ውስጥ ጥቂት ሰዓት አድርገሽው ዋዪ፣ ጆሮሽን የሚጎትትሽ ከሆነ ማታ ላይ ፎቶው ሁሉ ፊትሽ የተኮሳተረ ነው። ሉል ከሆነ ሽቶውና የጸጉር ስፕሬዩ ካለቀ በኋላ ነው የሚደረገው፣ ሁለቱም ያበላሹታል።

ቀለሙን በተመለከተ የእጅ ደም ስርሽን አይተሽ ቢጫ ወይ ነጭ ወርቅ ምረጪ የሚለው ነገር ለኔ ብዙም አይዋጥልኝም። ስልክሽ ላይ ያሉትን የራስሽን ፎቶዎች እዪ፣ ሳታስቢው ሁሌ የምታደርጊው የትኛው ነው? እሱ ነው ያንቺ። ቬሎው ክሬም ከሆነ ቢጫና ሮዝ ጎልድ ይሄድለታል፣ በረዶ ነጭ ከሆነ ነጩ ይሻላል፣ ግን ይሄ ህግ አይደለም።

ጓደኞችሽን ደግሞ ቬሎውን ለብሰሽ አንዴ በሀብል አንዴ ያለ ሀብል ፎቶ ተነሺና አሳዪያቸው፣ ክርክሩ እዛው ያልቃል። ቬሎው ነጭ ነው ክሬም? ጸጉርሽስ እንዴት ነው የሚሰራው? እሱን ከነገርሽኝ ጉትቻው ላይ የተሻለ እነግርሻለሁ።