ሲክስ ፊት ነው ሲክስ ፉት?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ በእንግሊዝኛ አጭር ልቦለድ እየጻፍኩ ነው፣ ዋናው ገጸ ባህሪ ረጅም ስለሆነ «ኤ ሲክስ ፊት ቶል ማን» ብዬ ጻፍኩ፣ ጓደኛዬ አይቶት «ፊት አይደለም ፉት ነው» አለኝ፣ እኔ ግን «ሂ ኢዝ ሲክስ ፊት ቶል» የሚል መጽሐፍ ላይ ስንቴ አንብቤያለሁ። ማናችን ነን ልክ? ደሞ በቁጥር መጻፍ ይቻላል?

መልስ፦ ሰላም ወዳጃችን፣ ጓደኛህም መጽሐፉም ልክ ናቸው፣ ወሳኙ ልኬቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ከስሙ በፊት ገብቶ ሰውየውን ሲገልጽ ነጠላው ፉት ነው የሚገባው፣ ሲክስ፣ ፉት እና ቶልን በሃይፈን (በአጭር ሰረዝ፣ -) ታያይዛቸውና ማን የሚለውን ለብቻው ትተወዋለህ። ከግሱ በኋላ ሲመጣ ግን ፊት ነው፣ ሃይፈንም የለውም። «ኤ ፋይቭ ይር ኦልድ ቦይ» ስትል እኮ ይርስ አትልም፣ ያው ህግ ነው።

በንግግር «ሂ ኢዝ ሲክስ ፉት ቱ» ሲሉም ትሰማለህ፣ ይሄም ከጥንቱ እንግሊዝኛ የቀረ አነጋገር ስለሆነ ስህተት አይባልም፣ ገጸ ባህሪያቱ ሲያወሩ ተጠቀመው፣ ትረካው ላይ ግን ፊት ይሻላል።

እኛን በጣም የሚያስቸግረን ግን ከአማርኛ ይዘነው የምንሄደው ነገር ነው። «ቁመቱ 6 ጫማ ነው» እያልን እያሰብን «ሂዝ ሃይት ኢዝ ሲክስ ፊት ቶል» ብለን እንጽፋለን፣ ሃይት ካልክ በኋላ ቶል ትርፍ ነው፣ አውጣው። ደሞ በአማርኛ ሁሉም ረጅም ነው አይደል፣ በእንግሊዝኛ ግን ሰው፣ ዛፍና ፎቅ ቶል ሲባሉ ተራራ ሃይ ነው፣ ፀጉር ደግሞ ሎንግ።

በቁጥር መጻፍ ይቻላል፣ ለጫማው አንድ ጭረት ለኢንቹ ሁለት፣ 6′2″ እንደማለት። እዚህ ጋ ግን አደራ፣ ነጥብ እንዳትጠቀም! 1 ጫማ 12 ኢንች ስለሆነ 5.5 ጫማ ማለት 5 ጫማ ከ6 ኢንች ነው እንጂ 5 ጫማ ከ5 አይደለም፣ ብዙ ሰው 5′11″ን 5.11 ብሎ ይጽፈዋል፣ እሱ ሲሰላ 5 ጫማ ከ1 ኢንች ገደማ ነው የሚሆነው፣ ረጅሙን ሰውዬ አሳጠርከው ማለት ነው። 1 ጫማ 30.48 ሴንቲሜትር ስለሆነ ያንተ ገጸ ባህሪ 1.83 ሜትር አካባቢ ነው፣ በሃሳብህ 1.80 ከሆነ ግን 5′11″ ብለህ ጻፈው።