አውሮፕላኑስ ሄደ፣ ሰዉን ማን ያንሳው?

ባለፈው እትም ስለ ድሬዳዋ ኤርፖርት ጥቂት መስመር ጽፌ ነበር። የደጃዝማች ይልማን ስም መያዙን፣ መንገደኛውም አየር ኃይሉም አንድ ሜዳ መጋራታቸውን፣ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ደብዳቤው ጎረፈ። አብዛኛው ግን ስለ ድሬ አይደለም፣ ስለ ቺካጎ! ለካ ግማሹ ድሬ አሜሪካ ዘመድ አለው። ሦስቱን መርጫለሁ። የአሜሪካኑን ዓመት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፣ እንዳትደባልቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከረሙ? የአጎቴ ልጅ ቺካጎ ኦሄር ኤርፖርት ይሠራል። ድሮ እዚያ የጦር አውሮፕላኖች ነበሩ፣ ከተማው "ወጪውን እችላለሁ፣ ውጡልኝ" ብሎ አስወጣቸው አለኝ። እኔ ቀደዳ ነው ብዬ ሳቅኩበት። አቦ፣ ከንቲባ ጦር ያስወጣል እንዴ? የእኛስ ማዘጋጃ ቤት እንደዚያ ማለት ይችላል? (ከከዚራ)

መልስ፦ የአጎትህን ልጅ ይቅርታ ጠይቀው። ትንሽ አሳምሮ ነግሮህ ይሆናል እንጂ ነገሩ እውነት ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። እዚያ የነበረው መደበኛ ጦር አይደለም፣ ተጠባባቂ ነው። እሱም ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ የአየር ኃይሉ ተጠባባቂ፣ 928ኛው የሚባል፣ ሲ-130 የጭነት አውሮፕላን የሚያበር። ሌላው ቺካጎ ያለችበት የኢሊኖይ ግዛት ብሔራዊ ዘብ (ግዛቱ በሰላም ጊዜ የሚያዘው ተጠባባቂ ጦር) የአየር ክፍል፣ 126ኛው። ይኼኛው ኬሲ-135 ነበረው፣ አየር ላይ እንዳለ ለሌላ አውሮፕላን ነዳጅ የሚቀዳ የሚበር ቦቴ በለው። እስከ 90 ቶን ነዳጅ ማቀበል ይችላል። እዚህ ጅቡቲ መስመር ላይ የምናየውን ባለተሳቢ ቦቴ ሁለት ሞልቶ ይተርፈዋል።

ደግሞ ጦሩ ለሜዳው እንግዳ አልነበረም። ኦሄር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የዳግላስ ኩባንያ የጦር ማመላለሻ አውሮፕላን የሚሠራበት ቦታ ነበር። ሰፈሩ ኦርቻርድ ፕሌስ ይባል ነበር፣ ዛሬም ሻንጣህ ላይ የሚለጠፈው "ኦ አር ዲ" የሚለው ምልክት የመጣው ከዚያ ስም ነው። ከጦርነቱ በኋላ ከተማው ተረከበው፣ በ1949 በጦርነቱ በሞተ የባሕር ኃይል አብራሪ ስም ኦሄር ተባለ። ልክ የእኛው በደጃዝማቹ እንደተሰየመው። ጦሩ ግን አንድ ጥግ ይዞ ቀረ። ዓመት ዓመትን ሲወልድ ያ ጥግ በዓለም እጅግ ከሚጨናነቁ ኤርፖርቶች አንዱ ውስጥ የተያዘ ወርቅ መሬት ሆነ። የከተማው ዓይን እዚያ ላይ ማረፉ ምን ይገርማል!

እንግዲህ አሜሪካኖች የትኛው የጦር ሰፈር ይዘጋ፣ የትኛው ይዛወር የሚለውን የሚመርጥ፣ በየዙሩ የሚቋቋም ገለልተኛ ኮሚሽን ነበራቸው። በ1993 ቺካጎ ራሷ ሄዳ "የኦሄሩን ዝጉልኝ፣ ክፍሎቹን ሮክፎርድ ኤርፖርት ውሰዱልኝ" አለች። ኮሚሽኑም እሺ አለ። ግን ቅድመ ሁኔታው ያንገበግባል። ሕንፃውን በሌላ ቦታ መተካቱ፣ ማጓጓዙ፣ የተበከለውን መሬት ማጽዳቱ፣ ሁሉም በከተማው ኪስ። ፌዴራል መንግሥቱ አንዲት ሳንቲም አያወጣም። ገንዘቡ መኖሩን አሳይ፣ በሐምሌ 1995 ጀምር፣ በሐምሌ 1997 ጨርስ። ሮክፎርድ ባይሆን እንኳ የአየር ኃይሉ ሚኒስትር የሚስማማበት ቦታ ይሁን።

ስለዚህ ከንቲባው አላባረረም። ለመነ፣ ከዚያ ሂሳቡን እንዲከፍል ተነገረው። ልዩነቱ ይህ ነው።

ሮክፎርድስ? አልሆነም። በ1995 ውሳኔው ተቀየረ። 928ኛው ጭራሽ ፈረሰ፣ አውሮፕላኖቹም ለሌሎች ተጠባባቂ ክፍሎች ታደሉ። 126ኛው ደግሞ ስኮት ወደሚባል የአየር ኃይል ሰፈር ተመራ፣ እዚያው ኢሊኖይ ውስጥ ቢሆንም በደቡብ ምዕራቡ በኩል። ተጠቃሎ የገባው በ1999 ነው፣ መጀመሪያ ከተባለው ሁለት ዓመት ዘግይቶ።

የእኛን ከዚህ ጋር አታወዳድር። የድሬው ምድብ የመደበኛው አየር ኃይል ነው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ቢፈልግም ባይፈልግም ቃል የለውም። እኔን ከጠየቅከኝ ደግሞ ሜዳው ባለበት ይሻለናል። በነሐሴ 1969 በእኛ አቆጣጠር የሶማሊያ ጦር የከተማዋ ደጃፍ ድረስ ሲመጣ የአየር ኃይሉ ኤፍ-5 የውጊያ ጄቶች ምን እንደሠሩ ያዩ ሽማግሌዎች አሁንም ለገሀሬ ቁጭ ብለው ያወራሉ። ጩኸቱን ሲያማርሩ ሰምቻለሁ። "ይራቅልን" ሲሉ ግን አልሰማሁም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ተጠባባቂዎቹ በወር ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚሠሩት ሲባል ሰማሁ። ታዲያ ሰፈራቸው ቢዛወር ምን ያስለቅሳቸዋል? በወር አንዴ ደርሶ መመለስ ነው! እኛ የሐረር ሰዎች አውሮፕላን በፈለግን ቁጥር ደንገጎን ወርደን ድሬ አይደል የምንመጣው? (ከጁገል)

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ያለው ደንገጎ ላይ ነው፣ መልሱም እዚያው ነው።

እውነት ነው፣ ተጠባባቂው በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓመት ደግሞ ሁለት ሳምንት ይሠለጥናል። ይህ ትንሹ ነው። አብራሪውና የበረራ ባልደረባው እጁ እንዳይዝግ ከዚያ በላይ መመላለስ አለበት። በቀረው ቀን ግን ሲቪል ነው። አንዱ የአየር መንገድ ፓይለት ነው፣ አንዱ የቧንቧ ሠራተኛ፣ አንዷ አስተማሪ። ቤት ገዝቷል፣ ልጅ ትምህርት ቤት አስገብቷል፣ ሚስቱ ሥራ አላት።

መደበኛው ወታደር "ተነሣ" ሲባል ሻንጣውን ይዞ ይነሣል፣ ቤተሰቡንም ዕቃውንም መንግሥት ያጓጉዝለታል። ተጠባባቂው ግን ቤቱ የራሱ ነው፣ እንጀራውም ሌላ ቦታ ነው። በ1994 የወጣ ሕግ አለ፣ አሠሪው ሠራተኛውን ለወታደራዊ ግዴታ ሲሄድ ከሥራ እንዳያባርረው የሚከለክል። ጥሩ ሕግ ነው። ክፍሉ ራሱ ርቆ ሲሄድበት ግን ምን ይፈይድለታል?

ከድሬ ሐረር ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ታናሽ ወንድሜ ለሥራ ሁለት ዓመት ተመላልሶበታል፣ በመጨረሻ "ወይ ቤቱን ወይ ሥራውን" ብሎ ሥራውን ተወው። ከኦሄር ሮክፎርድ ደግሞ የዚህ እጥፍ ይሆናል። እሱንስ በወር አንዴ ይቻላል እንበል። ስኮት ግን ከቺካጎ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከድሬ ተነሥተሽ አዲስ አበባ ልትደርሺ ጥቂት ሲቀርሽ ማለት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ለመገኘት ዓርብ ማታ መንዳት፣ እሁድ ማታ መመለስ፣ ሰኞ ሥራ መግባት።

አሁን ዋናው ነገር። የተጠባባቂ ክፍል ሀብቱ አውሮፕላኑ አይደለም። መደበኛው መካኒክ በየጥቂት ዓመቱ ይዛወራል፣ ተጠባባቂው ግን እዚያው ሃንጋር ውስጥ ሃያ ዓመት ይቆያል። የዚያን አውሮፕላን ጠባይ እንደ ገዛ በሬው ያውቀዋል። አንዱን ክፍል ስታዛውሪ አውሮፕላኑ በአንድ ቀን በርሮ ይደርሳል። ስሙ፣ ቁጥሩ፣ ባንዲራውም ይሄዳል። ያ ሃያ ዓመት ግን በየቤቱ ይቀራል። አዲሱ ቦታ ላይ ከዜሮ ጀምረሽ ትቀጥሪያለሽ፣ ታሠለጥኛለሽ።

ድሬዎች ይህን ለመረዳት ቺካጎ መሄድ የለብንም። ሸሚንደፈርን ማየት ነው። አዲሱ የጅቡቲ ባቡር በ2009 በእኛ አቆጣጠር ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። የድሮው ወርክሾፕ ግን ከነሰዎቹ መሀል ከተማ ነው የቀረው፣ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ፣ ግማሹ በፈረንሳይኛ የሚነገር ሙያ ይዘው። ያ እውቀት በባቡር ተጭኖ አልሄደም። እርግጥ የቀድሞው በናፍጣ፣ አዲሱ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፣ አንድ ዓይነት ነገር ነው አልልም። ሰው የሚቀርበት መንገዱ ግን ይመሳሰላል።

ሁለት ምሳሌ ልጨምርልሽ። የ2005ቱ የሰፈር መዝጊያ ኮሚሽን ሚልዋኪ ኤርፖርት የነበረውን 440ኛ ተጠባባቂ ክፍል ሰሜን ካሮላይና ላከው፣ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ። ክፍሉ እዚያ ብዙም አልቆየም፣ በ2016 ፈረሰ። ያው ኮሚሽን አላስካ ውስጥ አንኮሬጅ ኤርፖርት ጥግ የነበረውን ኩሊስ የሚባል የብሔራዊ ዘብ ሰፈርም ዘጋ። 176ኛው ክፍል በ2011 ወደ ኤልመንዶርፍ ገባ። ኤልመንዶርፍ የት ነው? እዚያው አንኮሬጅ። ድሬ ውስጥ ከመጋላ ሳቢያን እንደመዛወር ነው። ማንም ቤቱን አልሸጠም፣ ጠዋት የሚነዳበት መንገድ ብቻ ተቀየረ። እኔ ለመዛወር የሚነሣ ሁሉ መጀመሪያ አንኮሬጅን ይይ ባይ ነኝ።

በነገራችን ላይ፣ "የአየር ኃይሉ ሐረር ሜዳ ከእኛ ከተማ በየት በኩል ነው?" ብለሽ በደብዳቤሽ ጫፍ ለጠየቅሽው፣ የትም በኩል አይደለም። ቢሾፍቱ ነው። አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ሰው ሁሉ "ጋሼ" ይልሃል እንጂ እኔ በዕድሜ እበልጥሃለሁ። በአየር ኃይል የሞተር ቴክኒሻን ነበርኩ። ሁለት ነገር ንገረኝ። አውሮፕላኑ በረረ እንበል፣ ያ ሁሉ የመሬት ዕቃ በምን ይነሣል? ደግሞስ ብሔራዊ ዘብ የግዛቱ ነው ከተባለ የግዛቱ ሹም "አልሰጥም" ቢል ማን ያሸንፋል? (ከሳቢያን፣ ጡረተኛ)

መልስ፦ አባባ፣ ይቅርታ፣ ከእርስዎ ፊት ጋሼነቴን አነሣሁ።

ስለ ሁለተኛው ልጀምር። ኮሚሽኑ ዝርዝሩን ለፕሬዚዳንቱ ይሰጥ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ሙሉውን ይቀበል ወይም ሙሉውን ይመልስ ነበር፣ "ይቺን አውጡልኝ" ማለት አይችልም ነበር። ከተቀበለ ኮንግረሱ በ45 ቀን ውስጥ ካልሻረው ይጸና ነበር፣ እሱም ሲሽር ሙሉውን ነበር። ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተደረገው፣ አለበለዚያ እያንዳንዱ እንደራሴ የሠፈሩን እያወጣ ምንም የሚዘጋ አይኖርም ነበር። እንዲህ ዓይነት ዙር በ1988፣ በ1991፣ በ1993፣ በ1995 እና በ2005 ተካሂዷል።

ብሔራዊ ዘብ ላይ ግን ቋጠሮ አለ። በሰላም ጊዜ አዛዡ የግዛቱ ገዥ ነው፣ አውሮፕላኑና ደመወዙ በአብዛኛው የፌዴራሉ። ሁለት ጌታ ማለት ነው። በ2005 የፔንስልቬንያው ገዥ ዊሎው ግሮቭ የሚባለው ሰፈር ያለው 111ኛ ክፍሌ ያለ ፈቃዴ አይፈርስም ብሎ ከሰሰ፣ የፌዴራል ዳኛውም ለእሱ ፈረደለት። አሸነፈ? ክፍሉ በስሙ ቀረ። የውጊያ አውሮፕላኖቹ ግን በኋላ ሄዱ፣ ሰፈሩም በ2011 እንደ ቀድሞው መሆኑ ቀረ። ፍርዱ በእጁ፣ ሃንጋሩ ባዶ።

ወደ ዕቃው ስንመጣ፣ ይህንን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። መለዋወጫው፣ ጋሪው፣ ክሬኑ በጭነት መኪና ይነሣል። የማይነሣው መሬት ውስጥ የተቀበረው ነው። ነዳጅ ማመላለሻ ቧንቧው፣ ታንከሩ፣ የአውሮፕላኑን ልክ ታይቶ የተሠራው ሃንጋር። ለኬሲ-135 የሚሆን ሃንጋር ለሲ-130 ከተሠራው አይገጥምም፣ ስለዚህ አዲሱ ቦታ ላይ እንደገና ማነጽ ነው። ወጪው እዚህ ላይ ነው የሚያብጠው።

ከዚያ የሚረሳው ነገር፣ እሳት አደጋ። ጦርና ሲቪል በሚጋሩት ብዙ የአሜሪካ ኤርፖርት የእሳት አደጋ መኪናውና ሠራተኛው የብሔራዊ ዘቡ ነው፣ ለመንገደኛውም አውሮፕላን የሚደርሰው እሱ ነው፣ ለዚያም ብሎ ከተማው መሬቱን በስም ብቻ በሆነ ኪራይ ይሰጠዋል። ጦሩ ሲወጣ ኤርፖርቱ በነጋታው የራሱን ብርጌድ ማቋቋም አለበት፣ አለበለዚያ አንድም መንገደኛ አያሳርፍም። መሬት አገኘሁ ብሎ የጨፈረ ከተማ ይህን ሂሳብ ሲያይ ይቀዘቅዛል።

መጨረሻ ላይ ቆሻሻው አለ። ለዓመታት ያንጠባጠበ ነዳጅ፣ ቅባት ማስለቀቂያ ኬሚካል፣ ለልምምድ የተረጨ የእሳት ማጥፊያ አረፋ። አረፋው ውስጥ ያለው ኬሚካል ውኃ ውስጥ ገብቶ የማይበሰብስ ዓይነት ነው፣ ብዙ ሰፈሮች ከተዘጉ በኋላ ለዓመታት እሱን እያጸዱ ነው። ለዚህ ነው ለቺካጎ የተሰጠው ሁኔታ ውስጥ ጽዳቱ በግልጽ የተጻፈው።

እርስዎ ግን በደብዳቤዎ ጀርባ ስለ ኤፍ-5ቱ ጄ-85 ሞተር በእርሳስ የጀመሩትን ጨርሰው ይላኩልኝ። የሚቀጥለው እትም ላይ ሙሉ ገጽ ይዤልዎታለሁ።