ጉድጓድ ውሃ፣ ክሎሪንና ቡናማ ገንዳ፦ ጠይቁ፣ የምችለውን እመልሳለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ከቢሾፍቱ እስከ ሐዋሳ ባሉ ሎጆችና ግቢዎች የመዋኛ ገንዳ ስንከባከብ ብዙ ዓመት ሆነኝ። በዓል ሲቃረብ ሁሌ ያው ስልክ ይደወላል፦ «ገንዳው ሻይ መሰለ!» ዛሬ ቁጭ ብያለሁ፣ ጠይቁ። ስትጠይቁ ግን የገንዳውን መጠን፣ ፒኤቹን (የአሲድነቱን ልክ)፣ ምን እንደጨመራችሁ፣ ውሃው ጥርት እንዳለ ነው ወይስ ደፍርሶ ቀለም የያዘው፣ እነዚህን ንገሩኝ።

ከቢሾፍቱ፦ ጋሼ፣ ትናንት ከጉድጓድ ሞላን። ሲሞላ እንደ መስተዋት ነበር። ማታ ክሎሪን ጨመርን፣ ጠዋት የሻይ ቀለም ሆኖ አገኘነው። ገንዳው 100 ሜትር ኪዩብ ነው፣ ፒኤቹ 8። ክሎሪኑ የተበላሸ ይሆን? ደፍተን እንደገና እንሙላው?

መልስ፦ እንዳትደፉት። ክሎሪኑም ምንም አልሆነም። ይሄ ብረት ነው።

መሬት ውስጥ ያለ ውሃ አየር ስለማያገኝ ብረቱ ሟሙቶ ይቀመጣል፣ በዓይን አይታይም። አየርና ክሎሪን ሲያገኘው ይዝጋል። ያያችሁት ቀለም ዝገት ነው። ክሎሪኑ የነበረውን ነው ያወጣው።

ሒሳቡን እዩት። በሊትር 1 ሚሊግራም ብረት ሲሉት ትንሽ ይመስላል። 100 ሜትር ኪዩብ ስትሞሉ ግን 100 ግራም ብረት ገንዳው ውስጥ ገባ ማለት ነው። በሊትር 0.3 ሚሊግራም እንኳ ልብስና ሴራሚክ ያቀልማል። ደፍታችሁ ከዚያው ጉድጓድ ብትሞሉ ሌላ 100 ግራም አስገባችሁ። መቶ ሺህ ሊትር ውሃ ነው! ጎረቤት ጄሪካን ይዞ በሚሰለፍበት አገር ይህን ያህል ውሃ ሲደፋ ሳይ ያመኛል።

እንዲህ አድርጉ። ፒኤቹን ወደ 7.4 አውርዱት። ክሎሪኑን አታቋርጡ፣ ብረቱ ዝጎ ይጨርስ። ከዚያ አሉም፣ ዝገቱን አጣብቆ የሚያዘቅጠው ዱቄት። ለአንድ ሜትር ኪዩብ 50 ግራም ገደማ፣ ለእናንተ 5 ኪሎ ይሆናል። በባልዲ በጥብጡና ገንዳው ላይ ዙሪያውን አዳርሱት። ቫልቩን ውሃው ፊልተሩን ሳይነካ እንዲዞር አድርጋችሁ 2 ሰዓት ያህል አዙሩት። ከዚያ ፓምፑ ይጥፋ፣ ማንም አይግባ፣ ውሃው ተኝቶ ይደር። ጠዋት ወለሉ ላይ ቡናማ ዝቃጭ ታገኛላችሁ። እሱን በቫኪዩም ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ወደ ፊልተሩ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ፍሳሹ።

ፒኤች ለማውረድ አሲድ ስለምትይዙ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አሲድና ክሎሪን በአንድ ባልዲ፣ በአንድ ማንኪያ፣ በአንድ መደርደሪያ አይገናኙ። የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

ከአዳማ፦ ውሃዬ አረንጓዴ ሆነ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጠኑ? ፒኤቹ? ጥርት ያለ ነው ወይስ የደፈረሰ? ከላይ የጻፍኩትን አንብበህ ተመለስ።

ከቴክሳስ፦ ጋሼ፣ እኛም ጋ የቤቱ ውሃ ከጉድጓድ ነው። ገንዳው ጥርት ያለ ግን አረንጓዴ ሆነ። ታች ያለው ሳንቲም ሳይቀር ይታያል። ሱቅ ሄጄ የአልጌ መድኃኒት ሸጡልኝ። ሁለት ጠርሙስ ጨመርኩ፣ ባሰበት።

መልስ፦ እንዲህ ሲጠየቅ ደስ ይላል። አልጌ ውሃውን ያደፈርሳል፣ ግድግዳውንም ያንሸራትታል። ታች ያለው ሳንቲም ከታየህ አልጌ አይደለም፣ ብረት ወይም መዳብ ነው። አሁን ጠርሙሱን ገልብጠህ አንብብ። ብዙ የአልጌ መድኃኒቶች ውስጥ መዳብ አለ። መዳቡን ራስህ ጨምረህበት ይሆናል። ሦስተኛ ጠርሙስ እንዳትገዛ። ውሃውን ለብረትና ለመዳብ አስመርምር፣ ውጤቱን ይዘህ ና።

ሌላ ተሳታፊ፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሁለት ጄሪካን በረኪና ደፋ ማድረግ ነው። እኛ ሁሌ እንደዚያ ነው የምናደርገው።

መልስ፦ በረኪና ክሎሪን ነው ወንድሜ። አልጌ ከሆነ ይሠራል። ብረት ከሆነ ቡናማውን ታፈጥነዋለህ። ፒኤች ደግሞ አለ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ፒኤቻቸው ከፍ ያለ ነው። ፒኤች 8 ላይ ክሎሪኑ የሚሠራው በሩብ ጉልበቱ ገደማ ነው። ሁለት ጄሪካን ደፍተህ የግማሽ ጄሪካን ሥራ ታገኛለህ። አሁንም እላለሁ፣ በረኪናውን ከአሲድ አርቁት።

ከአርባ ምንጭ፦ አሉም ለምን ይገዛል? የሽፈራው (ሞሪንጋ) ዛፍ ዘር ተፈጭቶ የደፈረሰ ውሃ ያጠራል። እናቶቻችን ያውቁታል።

ሌላ ተሳታፊ፦ ለእንስራ ነው እንጂ ለገንዳ? 100 ሜትር ኪዩብ ለማጥራት የስንት ዛፍ ዘር ሊለቀም ነው?

ከአርባ ምንጭ፦ የአገር እውቀት ሲባል ሁሌ እንደዚህ ነው የምትሉት።

ከዝዋይ፦ ላንጋኖስ? ሐይቁ ራሱ ቡናማ ነው፣ ሰው ይዋኝበታል። ቀለም ምን ያስፈራል?

መልስ፦ ተዉ፣ አትጣሉ። ሽፈራው እውነት ያጠራል፣ የሚያቃልለው ሰው ተሳስቷል። ግን ዘሩ ውሃው ውስጥ ቅሪት ይተዋል፣ ያ ቅሪት ክሎሪኑን ይበላዋል። ለቤት ባልዲ ይሁን፣ ለገንዳ አሉም ይሻላል። የላንጋኖ ቀለም ደግሞ ደቃቅ አፈር ነው፣ ከኛ ጉዳይ ጋር አይገናኝም።

ከዝዋይ፦ እሺ። የኛ ጉድጓድ ፍሎራይድ አለበት ተብሏል። ልጆች ቢዋኙበት ጥርሳቸውን ይጎዳል?

መልስ፦ የፍሎራይድ ጣጣው መጠጣቱ ላይ ነው። ልጆቹ ውሃውን እንዳይጠጡ ንገሯቸው። ከዚህ ያለፈውን የጥርስ ሐኪም ይመልስላችሁ።

ከሐዋሳ፦ የኛ ቡናማ ሳይሆን ወደ ጥቁር የሚያደላ ሆነ። ደረጃዎቹ ላይ ጥላሸት የመሰለ ነገር ተለጥፏል።

መልስ፦ ማንጋኒዝ ይመስለኛል። የብረት የሥጋ ዘመድ ነው፣ ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ። እንዲህ አረጋግጡ፣ ሌሎቻችሁም ገንዳ ከመሙላታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ነጭ ባልዲ ውስጥ 10 ሊትር የጉድጓድ ውሃ ቅዱ። አንድ ክዳን በረኪና ጨምሩና አሳድሩት። ጠዋት ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ ብረት ነው። ከጠቆረ ወይም ሐምራዊ ከሆነ ማንጋኒዝ ነው። ምንም ካልሆነ ሙሉት። አንድ ባልዲ ብቻ ነው፣ ስንት ኪሎ ክሎሪን ያድናል! ትክክለኛውን መጠን የሚነግራችሁ ላብራቶሪ ነው፣ ባልዲው ግን በነፃ ያስጠነቅቃችኋል።

ከሞጆ፦ የኔም ቡናማ ሆነ። ደፍቼ ልሙላው?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። አትድፋ።

ከሰበታ፦ የትኛው ፓምፕ ይሻላል? ዋጋውስ?

መልስ፦ ይሄን ሻጭ ጠይቁ።

ከደብረ ዘይት መንገድ፦ ውሃው ጠርቷል፣ ሴራሚኩ ላይ ግን ቢጫ እድፍ ቀረ። በአሲድ ልፈግፍገው?

መልስ፦ ቆይ! የቪታሚን ሲ ክኒን ግዛና እድፉ ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተጭነህ ያዘው። ቦታው ከነጣ እድፉ ብረት ነው፣ በአስኮርቢክ አሲድ ይለቃል። ክሎሪኑ ከፍ ብሎ ሳለ ግን አይሠራም፣ መጀመሪያ ይውረድ። እድፉ ከለቀቀ በኋላ ብረቱ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ነው ያለው። ብረቱን አሟሙቶ የሚይዝ መድኃኒት ካልጨመርክ እንደገና ይለጠፋል። ያንን መድኃኒት የጨመረ ሰው ደግሞ አሉም አይጨምር፤ አንዱ ብረቱን ይይዛል፣ አንዱ ያዘቅጣል፣ ሁለቱም ከንቱ ይቀራሉ።

ከቢሾፍቱ፦ ጋሼ፣ ባልዲውን ሞከርነው፣ ብርቱካን ሆነ። አሉሙን ዛሬ ማታ እንጨምራለን። በቫኪዩም የሚወጣውን ውሃ በምን እንተካው? ያለን ያው ጉድጓድ ነው።

መልስ፦ ሮቶ አላችሁ አይደል? ውሃው ሮቶው ውስጥ ከላይ እንደ ሻወር እየተረጨ ይግባ፣ አየር እንዲያገኝ። ትንሽ በረኪና ጨምሩበትና አንድ ቀን ይቀመጥ። ብረቱ ዝጎ ይዘቅጣል። ከላይ ያለውን ብቻ ወደ ገንዳው ልቀቁ፣ የታችኛውን ለአትክልት አጠጡት። ጠዋት ደግሞ ማንም ቸኩሎ ፓምፑን እንዳያስነሳው ማብሪያው ላይ ወረቀት ለጥፉ።