የሟች አባት ፈቃድ ለገዢ አይሠራም

ጠያቂያችን የጅማ ነዋሪ ነው፣ ሰቃ በኩል ያለው በቆሎው በከርከሮ አለቀ። አንድ የሚያውቀው ሰው የሟች አባቱን ባለቦልት (መቆለፊያው በእጅ እየተሳበ የሚጎርስ) አሮጌ ሾትገን በ25 ሺ ብር ሊሸጥለት ነው፣ "የአባቱ ፈቃድ አብሮ አለ፣ ውሉን በ3 ምስክር እንጽፋለን፣ ሕጋዊ ነው ወይ? ስተኩስበትስ አደጋ አለው ወይ?" ይላል።

ወንድሜ ጽሑፍህን ሁለቴ አነበብኩት። መጨረሻው ላይ "ቦልቱ ዝጎ ነበር፣ በናፍጣ አጥቤው አሁን ደህና ይሳባል" ብለሃል። ገና ያልገዛኸውን ጠመንጃ የት አግኝተህ አጠብከው? ቤትህ ገብቷል ማለት ነው፣ ምናልባት ቀብድም ሰጥተሃል። አልቆጣህም፣ ግን ለጠበቃ ግማሹን ነግረህ ግማሹን ከደበቅክ የሚደርስህ ምክርም ግማሽ ነው።

ሕጉ አጭር ነው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለፈቃድ መሣሪያ መያዝም መሸጥም መግዛትም ወንጀል ነው፣ ፈቃዱ የሚጠየቀው ከፖሊስ ነው። አላወቅኩም ማለት አያድንህም፣ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 81 አንብብ። ከርከሮውም ቢሆን የዱር እንስሳ ነው፣ በአዋጅ 541/1999 አደን የራሱ ፈቃድ አለው፣ የጠመንጃ ፈቃድ ብቻ ይዘህ መግደል አትችልም።

አሁን ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ጋ እንምጣ፣ እሱም ያ የ3 ምስክር ውል ነው። እኛ አገር ላምም ሲሸጥ መሬትም ሲከራይ ወረቀት ተጽፎ ምስክር ከፈረመ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል፣ ጠመንጃ ግን ላም አይደለም። ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው ነው፣ ከመሣሪያው ጋር እጅ በእጅ አይተላለፍም፣ ሰውየው ሲሞት ደግሞ ለልጁ እንኳን በውርስ አይደርስም፣ ልጁ ራሱ ፖሊስ ዘንድ ቀርቦ በስሙ መጠየቅ አለበት። ስለዚህ ሻጭህ ራሱ ፈቃድ የሌለው ሰው ሊሆን ይችላል፣ ይሄን ጠይቀኸዋል? ውሉም የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1716 እንደሚለው ጉዳዩ ሕገወጥ ከሆነ ፈራሽ ነው። ይባስ ብሎ የሻጩን ስም፣ ያንተን ስም፣ ቀኑን፣ የመሣሪያውን ቁጥርና 3 ምስክር አሟልተህ ከፈረምክ በገዛ እጅህ ለዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ጻፍክለት ማለት ነው። እባክህ አዲስ ወረቀት እንዳትፈርም፣ የፈረምከው ካለም እንዳትቀድ።

ስለ መተኮሱ፦ አትተኩስ። ጓሮ ለሙከራ አንዴ ብቻ ብለህም አትተኩስ። ፈቃድ ስታገኝም መጀመሪያ የመሣሪያ ባለሙያ ይየው። የድሮ ሾትገን አንዳንዱ የጥይት መጉረሻው ርዝመት 65 ሚሊሜትር ነው፣ የዛሬው ቀልሃ 70 ነው፣ ሲገባ ልክ ይመስላል፣ ሲተኮስ ግን አፉ የሚከፈትበት ቦታ ስለሚያጣ ግፊቱ ይጨምራል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን ውስጥ ከጦር ሞዘር ተቀይረው የተሠሩ "ጌሃ" የሚባሉ ርካሽ ሾትገኖችም አሉ፣ የቦልቱ የፊት ጥርሶች ስለተነሱ በኋለኛው ብቻ ነው የሚቆለፉት፣ ያንተ ከነሱ ከሆነ ግድግዳ ላይ ቢቀር ይሻላል። ከሁሉ የምፈራው ደግሞ ጥይት ማደባለቅን ነው፣ ባለ20 ካሊበር ቀልሃ (ቁጥሩ ቢበልጥም ከ12 ይቀጥናል) በስህተት 12 ውስጥ ከገባ አልፎ በርሜሉ ውስጥ ይሰነቀራል፣ ባዶ ነው ብለህ ከኋላው ባለ12 ጎርሰህ ቃታ ስትስብ በርሜሉ ግራ እጅህ ላይ ይፈነዳል። ፋብሪካዎች 20ን ቢጫ የሚያደርጉት ለዚሁ ነው። አጠገብህ የቆመ ልጅ ቢሞት ደግሞ ከመሣሪያው ክስ በተጨማሪ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ትጠየቃለህ።

አሁን ምን ላድርግ ካልክ፣ ጥይት ካለው አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረህ አውጣና ልጆች የማይደርሱበት ቆልፍበት። ለሻጩ መልሼ ልገላገል አትበል፣ እሱም ሌላ ማስተላለፍ ነው። ላስረክብ ብለህም ብቻህን ይዘኸው መንገድ አትውጣ፣ ኬላ ላይ ብትያዝ ላስረክብ ነበር ስትል ማን ያምንሃል? ፖሊስ ጋ ከመሄድህ በፊት ጠበቃ ያዝ፣ ጅማ ውስጥ ጠበቃ አይጠፋም፣ አብሮህ ይሂድና አረካከቡን እሱ ይነጋገር። ስትሄድ የአባትየውን ፈቃድ ኮፒ፣ የሻጩን የወራሽነት ማስረጃ ካለው፣ የፈረማችሁት ወረቀትና ብር የላክህበት የባንክ ደረሰኝ ካለም ይዘህ ሂድ፣ ለጠበቃው ደግሞ መሣሪያው በየትኛው ቀን ቤትህ እንደገባ ሳትደብቅ ንገረው። ነገ ጠዋት ሂድ፣ በቆሎው እስኪደርስ አትጠብቅ።