አይፒ አድራሻ መስመሩን እንጂ ሰውየውን አያሳይም

ወንድሜ፣ «አንድ ሰው በሐሰተኛ አካውንት ወንጀል ሠርቶ ሁሉንም ነገር ካጠፋው መርማሪ በምን ያገኘዋል? አይፒ አድራሻ ብቻውንስ ማስረጃ ይሆናል?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅት ውስጥ የመርማሪዎችን ጥያቄ ተቀብሎ መዝገብ በሚፈልግ ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ የማውቀውን ልንገርህ። አይፒ አድራሻ ማለት አንድ መስመር ኢንተርኔት ላይ ሲገባ የሚሰጠው መለያ ቁጥር ነው።

ከስልክ ላይ የሚጠፋው የራስ ቅጂ ብቻ ነው። የተገባበት ሰዓት፣ አይፒው፣ የስልኩ ዓይነት አገልግሎት ሰጪው ዘንድ ተመዝግቦ ይቆያል። እስከ መቼ የሚለው እንደ ድርጅቱና እንደ አገሩ ሕግ ይለያያል። ለዚህ ነው ጎበዝ መርማሪ «ስጡኝ» ከማለቱ በፊት «እንዳታጠፉብኝ» ብሎ የሚጽፈው። በአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለ ደብዳቤ መዝገቡን ለ90 ቀን ያስጠብቃል፤ ሊታደስም ይችላል። የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ እስኪወጣ ጊዜ ይገዛል ማለት ነው።

ከዚያ ማኅበራዊ ሚዲያው አይፒውንና ሰዓቱን ይሰጣል፤ መርማሪው ያንን ይዞ እኛ ጋ ይመጣል፤ እኛ አድራሻው በዚያች ደቂቃ በየትኛው ደንበኛ እጅ እንደነበር እንፈልጋለን። ሲወራ ቀላል ይመስላል። በሞባይል ኢንተርኔት ግን አንድን አይፒ ብዙ ደንበኞች በአንድ ጊዜ ይጋሩታል። እነሱን ለመለየት የፖርት ቁጥር፣ ማለትም በአንዱ አይፒ ውስጥ እያንዳንዱን ግንኙነት የሚለይ ተጨማሪ ቁጥር፣ እና እስከ ሰከንድ የተጻፈ ሰዓት የግድ ነው። ፖርት ሳይጻፍበት የመጣ ጥያቄ ስንቱን መለስን!

አንዱን ጉዳይ መቼም አልረሳውም። ወረቀቱ ላይ 21:14:07 የሚል ሰዓት ነበር። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ፈልጌ አንድ ስም አገኘሁ፤ የቤት ኢንተርኔት ደንበኛ ነበር። ልፈርም ስል ከሠንጠረዡ በታች በትንንሽ ፊደል «ዩቲሲ» የሚል አየሁ፤ የአገሮች ሰዓት የሚሰላበት ዓለም አቀፍ መነሻ ሰዓት ማለት ነው። ልዩነቱን ደምሬ እንደገና ስፈልግ የወጣው ፈጽሞ ሌላ ሰው ነው። ፈርሜ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ፖሊስ የሚያንኳኳው የዚያን የመጀመሪያውን ሰው በር ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ሳላሰላ ምንም ወረቀት አልፈረምኩም።

ትክክለኛው ስም ቢወጣ እንኳ የተገኘው መስመሩን ያስመዘገበው ሰው ነው። ዋይፋዩን ልጁም፣ እንግዳውም፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ጎረቤትም ይጠቀምበታል። ስለዚህ እኔ አይፒን ጥቆማ እንጂ ማስረጃ አልለውም። ሰውየውን ከአካውንቱ ጋር የሚያስተሳስረው ሌላ ነገር ነው።

ሲልክ ሮድ የተባለው በኢንተርኔት በድብቅ አደንዛዥ ዕፅ የሚሸጥበት የነበረ ገበያ መሥራች ሮስ ኡልብሪክት የተያዘበትን መንገድ ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ «አልቶይድ» በሚል ስም ገበያውን በኢንተርኔት አስተዋወቀ። በዚያው ዓመት ጥቅምት በዚሁ ስም ባለሙያ ሲፈልግ፣ መገናኛ ብሎ የጻፈው ሙሉ ስሙ ያለበትን የጂሜይል አድራሻ ነበር። ጋሪ አልፎርድ የተባለ የግብር መርማሪ ይህን ያገኘው ማንም በሚጠቀምበት የጎግል ፍለጋ ነው። ይህም ቢሆን ጥርጣሬ እንጂ ማረጋገጫ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2013 በሳን ፍራንሲስኮ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲይዙት፣ ላፕቶፑን ሳይዘጋው በፊት ነጠቁት። ገበያውን ያስተዳድርበት የነበረው አካውንት እንደተከፈተ ነበር። ቢዘጋው ኖሮ ዲስኩ በምስጠራ ይቆለፍባቸው ነበር።

ተቃራኒውም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2019 በፍሎሪዳ አንድ ቤት ተዘረፈ፤ ፖሊስ በሰዓቱ በአካባቢው የነበሩትን ስልኮች መረጃ ከጎግል ጠየቀ። በብስክሌት ስፖርት የሚሠራ አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ በዚያ ቤት በኩል ሦስት ጊዜ አልፎ ስለነበር ተጠርጣሪ ሆነ። ያለፈበት መንገድ የተመዘገበው በስፖርት መተግበሪያው ነው። ጠበቃ ገዝቶ ነጻ ወጣ፤ ጠበቃ የማይገዛ ቢሆንስ?

እንግዲህ በአይፒ ብቻ የተጠረጠረ የምታውቀው ሰው ካለ፣ ጠበቃው ሦስት ነገር ይጠይቅለት፦ ሰዓቱ በየትኛው የሰዓት ቀጠና ተጻፈ? የፖርት ቁጥሩ አለ? በዚያ ሰዓት መሣሪያው በማን እጅ ነበር? የተበደልከው አንተ ከሆንክ ደግሞ ስክሪንሾት አንስተህ ብቻ አትቀመጥ። የአካውንቱን ሙሉ ሊንክ ገልብጥ፣ መልእክቱ የደረሰበትን ሰዓት እስከ ደቂቃው ጻፍ፣ ዛሬውኑ አመልክት፤ መዝገቡ አንተን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።